የጋሽ መንገሻ የዕልባት ማኅበር

«ያ ሊንክ ላኪው ሰውዬ አረፉ» አለችኝ ጓደኛዬ ብርቄ በስልክ። ስም አልጠራችም፤ መጥራትም አላስፈለጋትም። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ስልክ ይዞ አማርኛ የሚያነብ ሰው ሁሉ ጋሽ መንገሻን በመልክ ባያውቃቸው እንኳ ሊንካቸውን ያውቀዋል። እኔ ሀራሙስ ሰፈር፣ ተቀጥሬ በምኖርበት ቤት፣ ወጥ ቤት ቆሜ ዓሣ እያጸዳሁ ነበር። እጄን ሳልታጠብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ ቢሆን ደግ ነበር፤ የመጣብኝ ግን «ለቀብሬ አርፍዶ የመጣ መቀጫ አለበት» የሚል የሳቸው ድምፅ ነው። ሳቄ አመለጠኝ። ማዳም ገብታ ምን ሆነሽ ስትለኝ፣ ሰው ሞቶብኝ ነው አልኳት፣ እየሳቅሁ። እስከ ዛሬ ቢላ ስይዝ በጎን ታየኛለች።

ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ጋሽ መንገሻን ሳስብ ቶሎ የሚመጣልኝ ጣታቸው ነው። ሲናገሩ የቀኝ እጃቸውን ጠቋሚ ጣት ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ጣቱ እስካልወረደ ድረስ ንግግሩ አላለቀም ማለት ነውና ሻይሽ ይቀዘቅዛል እንጂ አትነሺም። የደሴ ሰው ናቸው። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር፣ ከወደቡ አጠገብ፣ ወደ ኢትዮጵያ ለሚጫን ዕቃ የትራንዚት ወረቀት ሲያዘጋጁ ዕድሜያቸውን የፈጁ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ በዚያ ሰው በሚያቀልጥ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ድረስ የሚቆልፉ። ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ ጫቱን ይዞ ጥላ ሲፈልግ እሳቸው ላፕቶፓቸውን ይዘው ሶኬት ይፈልጋሉ።

እኛ የቤት ሠራተኞች ዓርብ ዓርብ እረፍት ስንወጣ ካርቲየ ካትር ሰፈር፣ እሳቸው የተከራዩበት ግቢ እንሄድ ነበር። አከራያቸው የመናዊት ናት፤ ግቢዋ ውስጥ ሰፊ ዳስ አላት፣ ከዳሱ ሥር ነፋስ አይጠፋም። የምንሄደው ግን ለነፋሱ ብቻ አይደለም። የፈረንሳይኛ ውላችንን የሚያነብልን፣ ደሞዝ ያስቀረ አሠሪ ጋ ደውሎ በፈረንሳይኛ የሚጮህልን ሌላ ሰው አልነበረንም። የኔን ማዳም አንድ ጊዜ በስልክ ምን እንዳሏት አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ዓርብ ጠዋት በሩን ራሷ ትከፍትልኛለች። ስለዚህ ጋሽ መንገሻ ያሉንን እሺ እንል ነበር። ይህ እሺታችን ነው ጉድ ያፈላው።

ብሎጋቸው «ከመነሳትህ በፊት» ይባላል። የጀመሩት ከብስጭት ነው። ቢሯቸው በር ላይ፣ ከግንቡ ሥር፣ በየቀኑ ከወሎ የመጡ ልጆች ይቀመጣሉ፤ ወደ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ ለመሻገር የጀልባዎቹ መነሻ ኦቦክ በየት በኩል ነው እያሉ የሚጠይቁ። ጋሽ መንገሻ ንግግራቸውን ሰምተው የቀዬያቸው ልጆች መሆናቸውን ያውቃሉ። ሻይ ይገዙላቸዋል፤ ጣታቸውን አንስተው ይመክሯቸዋል። ልጆቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሻዩን ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። «እዚህ ከደረሰ በኋላ ምን ይመከራል?» ይሉ ነበር። «መምከር አገሩ ላይ፣ ጫማውን ሳያስር ነው።»

እናም ጻፉ። ወረቀት ላይ የኖሩ ሰው ስለሆኑ አጻጻፋቸው እንደ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን ነው፤ የሚቀር ነገር የለም። የከባድ መኪና ሾፌሮችን ጠየቁ፣ ከመንገድ የተመለሱትን ጠየቁ። ደላላው የት ላይ «ቆዩ መጣሁ» ብሎ እንደሚጠፋ፣ የትኛው የጨው ሜዳ ሰው እንደሚጥል፣ በየትኛው ሰዓት መንቀሳቀስ ሞት እንደሆነ፣ ውሃ ያለው ጉድጓድ ከየትኛው ጥቁር ድንጋይ አጠገብ እንደሆነና እሱም ጨው ጨው እንደሚል፣ ሁሉንም አሰፈሩት። ይህን ሁሉ ዝርዝር ምን ያደርጋል ስላቸው፣ «ሰው የሚፈራው በዝርዝር ሲነገረው ነው። 'መንገዱ ክፉ ነው' ብትይው ማንን ያስፈራል? ክፋቱን አንድ በአንድ ስትቆጥሪለት ግን ይቀመጣል» አሉኝ። እኔንስ አስፈርቶኝ ነበር። እኔ ግን በአውሮፕላን ነው የመጣሁት።

ችግሩ የሚያነብ መጥፋቱ ነው። ገጹ ጥግ ላይ የዕለቱን ጎብኚ የምትቆጥር ነገር ነበረች። ጠዋት ቢሮ ሲከፍቱት አንድ ትላለች፣ ማታ ቤታቸው ሲከፍቱት ሁለት ትላለች። ለብዙ ጊዜ ሁለቱም ጎብኚዎች እሳቸው ነበሩ።

አንድ ዓርብ ፊታቸው በርቶ ጠበቁን። ጎብኚ እንዴት እንደሚገኝ የሚያስተምር ጽሑፍ አግኝተው አድረውበታል። «መጽሐፍ ስታነቢ ያቆምሽበት ላይ ወረቀት ትሰኪ የለም?» አሉኝ። «ዕልባት ማለት እሱ ነው። ፈረንጁ ያንን ወረቀት ኢንተርኔት ላይ አወጣው። አንቺ የወደድሽውን ገጽ እዚያ ትሰኪያለሽ፤ ሌላው አንቺ የሰካሽውን አይቶ ይመጣል። ብዙ ሰው የሰካው ገጽ ከላይ ይወጣል። ከላይ የወጣውን ደግሞ ዓለም ያየዋል።» በኋላ እንደሰማሁት ዓለም ይህን ነገር ጠግቦ፣ ትቶት፣ ወደ ሌላ ሄዶ ነበር። ጋሽ መንገሻ ግን ሰው የወጣበት አዳራሽ ገብተው ወንበር የሚደረድሩ ዓይነት ናቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ብቻውን ይሰካል። እሳቸው ምን አሉ? ማኅበር እናቋቁም አሉ። ልክ እንደ እድር። ሰብሳቢ እሳቸው፣ ጸሐፊ እኔ፣ ቃል አቀባይ ብርቄ፤ ለማን ቃል እንደምታቀብል እስከ መጨረሻው አልታወቀም። ስም ይጠራል። ያረፈደ መቀጫ አለበት፤ መቀጫው ደግሞ ብር አይደለም፣ አዲሱን ጽሑፍ ቆሞ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ብርቄ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ከአንድ ኤምባሲ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ አለቆቿ ዓርብም ምሳ ስለሚጋብዙ ሁሌ ታረፍዳለች። ስለዚህ ያ ብሎግ አፍ አውጥቶ ሲነበብ የኖረው በብርቄ አንደበት ነው። ስለ ጨው ሜዳው ያለውን ስታነብ አንዴ እንባ ቀድሟት አቆመች። ጋሽ መንገሻ ጣታቸውን እንዳነሱ፣ «ነጠላ ሰረዝ አለፈሽ» አሏት።

አሰካካችንም እንዲሁ ነበር። ስልካችንን እናወጣለን። በአከራይቱ ዋይፋይ እንገባለን። ሊንኩን እንከፍታለን። «ማንም ቀድሞ እንዳይነካ» ይላሉ። እንጠብቃለን። ብርቄ ላቧን ትጠርጋለች። «በሉ» ሲሉ ሁላችንም ባንዴ እንሰካለን። አብሮ መሥራት ደስ ይላል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አሜን እንደ ማለት ያለ ነገር አለው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ድረ ገጽ፣ ወደ ሦስተኛው። አልቆ ሻይ ስንጠጣ ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ባየሽው ኖሮ አንቺም ትሰኪ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ድረ ገጾቹ አባረሩን። ምክንያቱ በአጭሩ ተጽፏል፤ እነዚህ ሁሉ ስሞች አንድ ሰው ናቸው፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ደቂቃ፣ አንድ ገጽ ይሰካሉ ይላል። ጋሽ መንገሻን እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ማጭበርበር ብለው ቢከሷቸው ይሻላቸው ነበር። «አንድ ሰው ናችሁ አለን!» እያሉ ግቢው ውስጥ ተንጎራደዱ። «ይህን ያህል ሕዝብ!» አቤቱታ ጻፉ፣ በጥሩ ፈረንሳይኛ፣ ሰላምታውና ክብሩ ሳይጓደል። ማስረጃ እንዲሆን ደግሞ ሁላችንም በዳሱ ሥር ተሰልፈን፣ እያንዳንዳችን ስልካችንን ደረታችን ላይ ይዘን ፎቶ ተነሳን። አከራይቱ ተጨማሪ ሰው ትመስላለች ብለው እሷንም አስገቧት። መልሱ ወዲያው መጣ። ማሽን የጻፈው ነው፤ አገልግሎታችንን ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን ይላል። ጋሽ መንገሻ ግን «ይኸው፣ ጨዋ ናቸው» አሉ።

ከዚያ ዘዴ ተለወጠ። እያንዳንዳችን ከየአሠሪዎቻችን ቤት እንድንሰካ ታዘዝን። እኔ ከሀራሙስ፣ ብርቄ ከፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ሌሎቹ ከራስ ዲካ። የዲፕሎማት ልጅ ካርቱን በሚያይበት ኢንተርኔት እኛ የጨው ሜዳ እንሰካለን። ተሳካ። ሰው መግባት ጀመረ፤ ጋሽ መንገሻ በየሳምንቱ ሪፖርት ያቀርባሉ።

«በዚህ ሳምንት ከብራዚል ሰው ገብቷል።»

«አማርኛ ያነባል?» አለች ብርቄ።

«ፊደሉ ማርኮት ይሆናል።»

«ስንት ጊዜ ቆየ?»

«ሦስት ሰኮንድ። ለመጀመሪያ ቀን መጥፎ አይደለም።»

እንስቃለን፤ እሳቸውም አይከፋቸውም። ከሳቁ በኋላ ግን ቆጣሪዋን ደግመው ያያሉ። ከብራዚል ሰው ይግባ አይግባ ጉዳያቸው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሚፈልጉት ደሴ ነው፣ ኮምቦልቻ ነው፣ ባቲ ነው። የሚፈልጉት ጫማውን ገና ያላሰረውን ልጅ ነው።

ገጽ ስትሰኪ ሰው ፈልጎ እንዲያገኘው መለያ ቃል ትጽፊበታለሽ። የጋሽ መንገሻ መለያ ቃላት «ምክር»፣ «ጥንቃቄ»፣ «ማስጠንቀቂያ» ነበሩ። አንድ ዓርብ ብርቄ፣ መቀጫዋን አንብባ ጉሮሮዋ ደርቆ ስለነበር ይሆናል፣ «ጋሽ መንገሻ፣ እስቲ በሞቴ፣ ምክር ፍለጋ ስልኩን የሚከፍት ወጣት አይተው ያውቃሉ?» አለቻቸው። ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

በሚቀጥለው ዓርብ አዲስ ቃላት ይዘው መጡ። «የመን በቀላሉ»። «የሳዑዲ መንገድ»። «ያለ ደላላ መሻገር»። አንብቤ ደነገጥኩ። ይሄ ውሸት አይደለም እንዴ ስላቸው፣ «ለሠርግ ጠርተሽ ንስሐ ታስገቢያቸዋለሽ። በሩ ላይ የተለጠፈው ምን ቸገረሽ? ዋናው ከገቡ በኋላ የሚሰሙት ነው» አሉ። ጣታቸው ወረደ፤ ክርክሩ አለቀ። ሁላችንም ሰካን።

ጎርፍ ሆነ። ያቺ ቆጣሪ እንደ ታክሲ ቆጣሪ መሮጥ ጀመረች፤ ከደሴ፣ ከባቲ፣ ከሐይቅ፣ ከራሳቸው ከቀዬያቸው። የሚገባውም ሦስት ሰኮንድ ቆይቶ አይወጣም፤ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ያነባል። አንዳንዱ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ጋሽ መንገሻ ለማኅበሩ በሙሉ የማንጎ ጭማቂ ጋበዙ፤ እሳቸው እንኳን ጭማቂ ሻይም ሳያስቡበት የማይጋብዙ። ብርጭቋቸውን ይዘው ቆሙና፣ «እያንዳንዷ ጎብኚ አንድ ቤቱ የቀረ ልጅ ናት» አሉ። የዚያን ቀን ወደድኳቸው። እስከዚያ አከብራቸው ነበር እንጂ።

ሰዒድ የመጣው ቅዝቃዜው በገባበት ሰሞን ነው፤ የጅቡቲ ቅዝቃዜ ማለት ሰው ላቡን ሳይጠርግ የሚያወራበት ወር ነው። ዓርብ ነበር፣ ሁላችንም ዳሱ ሥር ነን። ሦስት ልጆች በሩ ላይ ቆመው የጋሽ መንገሻን ቤት ጠየቁ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ አንዱ ነጠላ ጫማውን በሲባጎ አስሮታል። ሰዒድ የሚባለው፣ ጉንጩ ገና ፂም ያልበቀለበት የሐይቅ ልጅ፣ ስልኩን አወጣ። መስታወቱ ተሰባብሯል። ያስቀመጠውን ገጽ ከፍቶ አሳያቸው። «ከመነሳትህ በፊት» ይላል።

«ጋሽዬ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለ።

ጋሽ መንገሻ ተነሱ። አንባቢ በአካል አይተው አያውቁም። «እኔ ነኝ» አሉ፣ የአንገታቸውን ቁልፍ እየነካኩ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። «አላህ ይስጥልን። ወላሂ፣ ያለርስዎ እዚህ አንደርስም ነበር። ጉድጓዱ ልክ ያሉት ቦታ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ነው። ጨው ጨው ይላል ስላሉ ከላይ ብዙ ውሃ ተሸክመን ወረድን። ደላላው ይጥላችኋል ያሉበት ቦታ ላይ ጣለን፤ እርስዎ ስለነገሩን አልደነገጥንም።»

ብርቄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሽ መንገሻ ቀስ ብለው «'አትምጡ' የሚለውንስ አላነበባችሁትም?» አሉት።

«አንብበናል እንጂ። በየመሐሉ አለ» አለ ሰዒድ፣ ቅር እንዳይላቸው ፈገግ ብሎ። «እሱንማ ሁሉም ይለናል፣ ጋሽዬ። እናቴም ብላኛለች። ውሃው የት እንዳለ የነገሩን ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ጋሽ መንገሻ ልጆቹን ግቢው ውስጥ አሳደሯቸው። አበሏቸው፣ አለበሷቸው። በማግስቱ ወደብ ሄደው የጭነት ሥራ ለመኑላቸው፤ የእኚህ ሰው አንደበት ለራሳቸው ጉዳይ ለምኖ አያውቅም። ምሽት ምሽት ጣታቸውን አንስተው ይመክሯቸው እንደነበር አከራይቱ ነግራኛለች። አንድ ቀን ሰዒድ በጣም በትሕትና፣ «ጋሽዬ፣ እርስዎስ ከደሴ ወጥተው እዚህ አይደሉም እንዴ ያሉት?» አላቸው። ምን መለሱለት ብዬ ስጠይቃት፣ «ምንጣፍ ጨመሩለት» አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ፣ እሳቸው ሥራ እንደወጡ፣ ሦስቱም ወደ ኦቦክ ሄዱ። ምንጣፎቹን አጥፈው፣ ግቢውን ጠርገው ነው የሄዱት። ሰዒድ ለአከራይቱ ያስተላለፈው መልእክት፣ ስንደርስ እንጽፍላቸዋለን የሚል ነው።

የዚያን ዓርብ የማኅበሩ አጀንዳ አንድ ብቻ ነበር፤ ዕልባት ማንሳት። ጋሽ መንገሻ ገጹን ራሱን ቀድመው አጥፍተውታል። እኛ ደግሞ የሰካነውን እንድንነቅል ታዘዝን። ስም ተጠራ። ስልክ ወጣ። እንግዲህ ስንሰካ በአንድ አፍ የነበርን ሰዎች ስንነቅል ጉድ ታየብን። ግማሻችን የይለፍ ቃላችንን ረስተነዋል። የብርቄ ስልክ በአሠሪዋ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከሸሚዝ ጋር ታጥቦ አዲስ ገዝታለች፤ በየትኛው ስም እንደከፈተች እንኳ አታውቅም። አንዷ አገሯ ገብታ አግብታለች። ደግሞም ሌሎች ሰዎች ከኛ ላይ አንስተው በየቦታው ሰክተውታል። «የመን በቀላሉ» እኛ ባንኖርም ይኖራል። ሁልጊዜ የምታረፍደው ብርቄ፣ ከአፏ አምልጧት፣ «መቀጫው ይነበብ?» አለች። አንድም ሰው አልሳቀም። እሷም ወዲያው አለቀሰች።

ገጹ ከጠፋ በኋላ ጋሽ መንገሻ ቀለል ያላቸው መስሎኝ ነበር። አንድ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ምሳ ቀርቦ፣ ስልካቸው ጮኸ። በብሎጉ በኩል የመጣ መልእክት ነው። አንብበው ስልኩን ወደኔ ገፉት።

«ገጹ አልከፈት አለኝ። ጉድጓዱ ከድንጋዩ በግራ ነው በቀኝ? አራት ነን፣ አንዷ ሴት ናት። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው» ይላል።

ስሙንም አልጻፈም። ሰላም ነዎት እንኳ አላለም፤ ጊዜ አልነበረውም።

«ይመልሱላቸው እንጂ» አልኩ።

«ከመለስኩ መንገድ መሪ ሆንኩ ማለት ነው» አሉ። ጣታቸው አልተነሳም። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ሙት ሆኖ ተኝቷል። «ሕዝብ ላስቀር ብዬ በጻፍኩት ሰው እየሄደበት ነው፤ አሁን ደግሞ በግራ በቀኝ ልበለው?»

«ካልመለሱስ?»

ይህን ያልኩት እኔ ልሁን ብርቄ አላስታውስም። ጋሽ መንገሻ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ ስልኩን አንስተው አንድ ቃል ጻፉ፤ «በቀኝ»። ላኩ። ምሳውን ሳይነኩት ላፕቶፑን ከፈቱና ገጹን መልሰው አወጡት።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኑ። ቆጣሪዋን ከገጹ ላይ አነሷት። ምክሩን ሁሉ፣ ያን የለፉበትን፣ አንድ በአንድ ሰርዘው አወጡት፤ የቀረው ውሃና ሕክምና የት እንዳለ ብቻ ነው። መለያ ቃሉንም «ውሃ» አሉት። ከታች አንድ መስመር ጨመሩ፤ ስትደርስ ጻፍልኝ። ሰዎቹም መጻፍ ጀመሩ። ደረስኩ፣ ይላሉ። ደርሰናል። አልሐምዱሊላህ፣ ደረስኩ። ጋሽ መንገሻ ለእያንዳንዱ ይመልሳሉ። ለአንዳንዱ ይቆጣሉ፣ ለአንዳንዱ ይመርቃሉ። የሰዒድ ስም ግን አልመጣም። ዓርብ በመጣ ቁጥር፣ እንደ ዘበት፣ ሻይ እየቀዱ፣ «ከሐይቁ ልጅ ወሬ የለም አይደል?» ይሉኛል፤ ስልኩ እሳቸው እጅ ነው፣ እኔ ከየት አመጣለሁ?

አንዴ ጀልባ ተገልብጧል የሚል ወሬ ተሰማ። ጋሽ መንገሻ ከሥራ ፈቃድ ወስደው ኦቦክ ሄዱ፤ ከባሕር የወጡትን ለማየት። ሲመለሱ ወደቡ ላይ እኔ ተቀበልኳቸው። የሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ ተከፍቶ ነበር። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«አለ?» አልኳቸው።

«የለም» አሉ። «ደስ ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም።»

ሙቀቱ የከፋ ጊዜ፣ ስኳራቸው ከፍ ብሎ፣ ቢሯቸው ውስጥ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ አረፉ። እዚሁ ቀበርናቸው። ከማኅበሩ አንድም ሰው አላረፈደም። ብርቄ ጭምር። አከራይቱ ስልካቸውን ለኔ ሰጠችኝ፣ ጸሐፊዋ አንቺ አይደለሽ ብላ። አልፈልግም ልል ነበር። ግን በዚያው ቀን እንኳ ስለ ጉድጓዱ የሚጠይቅ ሰው ነበረ፤ ሐዘን ላይ ነን አይባልም ነገር። መለስኩለት። ከዚያ ወዲያ ሀራሙስ ክፍሌ ውስጥ ቻርጅ ላይ አኖረዋለሁ። ጸሐፊነቱን በምርጫ አልያዝኩትም፤ በምርጫም አልለቅቀውም።

ከተቀበሩ ብዙ ጊዜ በኋላ፣ የማዳምን ልብስ እየተኮስኩ፣ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሽዬ፣ ደረስኩ። ሰዒድ ነኝ፣ የሐይቁ። የመን ታስሬ ስለነበር ነው የዘገየሁት። ሁለቱ ጓደኞቼም አሉ፣ ደህና ናቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳልሰናበትዎ ሄጄ።»

ካውያውን አቆምኩት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ጻፍኩና አጠፋሁ። መጨረሻ ላይ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን። ለእናትህ ነግረሃታል?» አልኩት።

መልሱ ቶሎ መጣ።

«ገና ነው። እሷ ከነገርኳት ታለቅሳለች፣ ብዙ ታወራለች። መጀመሪያ ለእርስዎ ልጻፍ ብዬ ነው።»

ጋሽ መንገሻ ከሞቱ ጀምሮ ያላለቀስኩት ሁሉ ያኔ ወጣ። ማዳም ከሳሎን ትጠራኛለች፣ እኔ እሺም አልል። ትንሽ ሲበርድልኝ፣ «ደውልላት አሁኑኑ። ስትጨርስ ጻፍልኝ፣ እጠብቅሃለሁ» ብዬ ላክሁለት። ጠበቅሁት። እናቱን አናግሮ፣ እሷም አልቅሳ፣ መርቃው፣ ተመልሶ ሲጽፍልኝ ነው፣ እኔ ጋሽ መንገሻ አለመሆኔን የነገርኩት።